የራበው ጦጣ ያወጣው ቁጥር

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ሜዳውን ከያዘ በኋላ ሮቢትን ያገኛል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ፣ መሐል ላይ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት የራያ ቆላ። በዚህ መንገድ ላይ እንዳሉ ከተሞች ሁሉ ሮቢትም የስልክ ታወር ቆሞባታል። ስለዚህ ብረት በየከተማው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይኼ ነገር ጭንቅላት አይነካም ወይ? ራስ ምታት የበዛበት፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ነገር የሚረሳ፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሰው ቀና ብሎ ታወሩን ያያል።

ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከሃያ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ለእኛ አገርም አዲስ አይደለም። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስልክ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ የሚሰማ ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት እንደነበሩ ይነገራል። ዛሬ ይህን ስናወራ እንስቃለን። ነገር ግን የምኒልክ ስልክ በሽቦ ነበር፤ ከሽቦው አይወጣም። የታወሩ ሞገድ ሳያስፈቅድ በግድግዳውም በገላውም ያልፋል። ስለዚህ የዛሬው ጠያቂ ከካህናቱ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

መልሱ የተፈለገው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጡ ስልኮችና አንቴናዎች «ከዚህ አይለፍ» የሚለውን የጨረር ወሰን ታሳቢ አድርገው ነው የሚሠሩት። ያ ወሰን የተቀዳው ደግሞ ምግብ ለማግኘት ቁልፍ መጫን ከተማሩ፣ ከዚያም ሙቀቱ ሲከብዳቸው ሥራ ካቆሙ የተራቡ ጦጣዎችና አይጦች ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ የሚጀምረው ከራዳር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራዳር በየጦር ሠፈሩ ሲተከል፣ የሁለቱም ኃያላን ሐኪሞች ስለ ራዳር ሠራተኞች ጤና መጠየቅ ጀመሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጀርመን ተወላጁ ኸርማን ሽዋን ጉዳዩን በሙቀት አሰላው። ማይክሮዌቭ ገላን ያሞቃል። ገላ ደግሞ የተወሰነ ትርፍ ሙቀት አውጥቶ መጣል ይችላል። እንግዲያው ገላ ሊያስወግደው ከሚችለው በታች የሆነ ሞገድ አይጎዳም። ከዚህ ስሌት የወጣው ቁጥር በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊዋት ነበር፤ የአሜሪካ ጦርና ኢንዱስትሪ ለብዙ ዓመታት የተዳደሩበትም እሱ ነው።

ሞስኮ ግን የኢቫን ፓቭሎቭ አገር ናት። የሶቪየት ሳይንቲስቶች ያደጉት እንስሳን በምልክትና በምግብ እያስለመዱ የነርቭን ነገር በማጥናት ነው። ጥንቸልና አይጥን ካስለመዱ በኋላ ደካማ ሞገድ ሲለቁባቸው፣ የገላቸው ሙቀት ሳይጨምር የተማሩት ልማድ ሲዛባ አየን አሉ። የራዳር ሠራተኞቻቸውም ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ድካም፣ ስለ መነጫነጭ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ መርሳት እንደሚያማርሩ ጻፉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሙሉ የሥራ ቀን ያወጡት ወሰን 10 ማይክሮዋት ሆነ። የአሜሪካው አንድ ሺህኛ መሆኑ ነው።

የሰው ገላ በሞስኮም በዋሽንግተንም አንድ ነው፤ ወሰኑ ግን በሺህ እጥፍ ተራራቀ። አሜሪካኖቹ የሶቪየት ጽሑፎች የሞገዱን መጠን በቅጡ አይለኩም፣ ሞገድ ያልነካቸው ማነጻጸሪያ እንስሳት መኖራቸውንም በግልጽ አይናገሩም ብለው ነቀፉ፤ ነቀፋው መሠረት ነበረው። ከሌላው ወገን ደግሞ ከሙቀት በቀር ምንም የማይፈልግ ሰው ከሙቀት በቀር ምንም አያገኝም የሚል ክርክር ነበር፤ ይኼም መሠረት ነበረው።

በዚህ መሐል አለን ፍሬይ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ መጣ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ማዕከል ሲሠራ፣ አንድ የራዳር ቴክኒሻን ራዳሩ ሲሠራ በጆሮው እንደሚሰማው ነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ፍሬይ ግን ቦታው ድረስ ሄዶ አዳመጠ፤ እሱም ሰማ። እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጽሑፍ፣ በምት በምት የሚለቀቅ ማይክሮዌቭ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ጠቅታ ወይም እንደ ጥዝታ እንደሚሰማ፣ መስማት የተሳናቸው አንዳንድ ሰዎችም እንደሚሰሙት አሳየ። ምክንያቱ የተገኘው በ1974 ነው። እያንዳንዱ ምት የአንጎልን ሥጋ በሚሊዮንኛ ዲግሪ ደረጃ ያሞቀዋል፤ ሥጋው በዚያች ሙቀት ቅጽበት ይለጠጣል፤ መለጠጡ ትንሽ ግፊት ሆኖ ውስጠኛውን ጆሮ ይነካል። ራዳር ይሰማኛል የሚለውን ሰው እብድ ነው ለማለት የቸኮለ ሐኪም ሁሉ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ግን የፓቭሎቭ ልጆች የጠረጠሩት ሚስጥራዊ ኃይል አልነበረም፤ ሙቀት ነበር፤ ቴርሞሜትር የማይነካው ዓይነት ትንሽ ሙቀት።

በዚያው ዘመን የሶቪየት ሰዎች ሞስኮ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ከአጠገቡ ካለ ሕንፃ ማይክሮዌቭ ይለቁ ነበር። ከ1953 ገደማ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። መጠኑ ለረጅም ጊዜ ከ5 ማይክሮዋት አልበለጠም፤ በአሜሪካ ወሰን ኢምንት፣ በሶቪየትም ወሰን የተፈቀደ። ታዲያ ለምን ይለቀቃል? አንዱ ግምት በኤምባሲው ጣሪያ ላይ የተተከሉትን የስለላ ማዳመጫዎች ለማወክ ነው የሚል ነው። ማዳመጥ የዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር፤ አሜሪካ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በ1953 በተፈራረመችው ውል መሠረት አሥመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የጦር ሠፈር ይዛ እስከ 1977 ሰማዩን ስታዳምጥ የኖረችው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ግምት ግን የከፋ ነበር፦ የዲፕሎማቶቹን ስሜትና አእምሮ ማወክ።

ዋሽንግተን ለዲፕሎማቶቿ ምንም ሳትናገር ጦጣ መግዛት ጀመረች። ከ1965 ጀምሮ «ፓንዶራ» በተባለ ምሥጢራዊ ፕሮጀክት፣ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ሬሰስ ጦጣዎች ለምግብ ሲሉ ሥራ እንዲሠሩ ተማሩ፤ የሞስኮውን የሚመስል ሞገድም ተለቀቀባቸው። የመጀመሪያው ጦጣ ሥራው ዘገየ፣ ከዚያም ቆመ። ሞገዱ ሲቆም አገገመ። ሲደገም ደግሞ ቆመ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሪቻርድ ሴሳሮ ይህን እንዳየ ውጤቱን እንደ ተረጋገጠ ነገር ወደ በላይ አስተላለፈ። በአንድ ጦጣ! ጉዳዩን በ1969 እንዲመረምር የተሰየመው የሳይንቲስቶች ኮሚቴ መዝገቡን ሲያገላብጥ እንስሳቱ ጥቂት፣ ማነጻጸሪያውም ደካማ ሆኖ አገኘው፤ ሞገዱ የጦጣውን ባሕርይ ይለውጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም አለ። ፓንዶራ ተዘጋ። የኤምባሲው ሠራተኞች ግን በየቀኑ ምን ሲለቀቅባቸው እንደኖረ የተነገራቸው በ1976 ነው። በእነሱ ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ወደ ኋላ ይመጣል።

ሰው ከዚህ ዘመን የሚያስታውሰው ጦጣውን ሳይሆን ኮርማውን ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ስፔናዊ ሆዜ ዴልጋዶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮርዶባ ውስጥ የሚወጋ ኮርማ ፊት ቆሞ የሬዲዮ ቁልፍ ተጭኖ እንስሳውን አስቆመው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1965 የፊት ገጹ ላይ አወጣው። ለራያ እረኛ ቀልድ የሚመስል ነገር ነው። በሬዲዮ ሰውን ከሩቅ መንዳት ይቻላል የሚለው ወሬ ግማሽ ያህሉ የተቀዳው ከዚህ ነው። እውነቱ ግን ኮርማው አንጎል ውስጥ አስቀድሞ ሽቦ ተቀብሮ ነበር። ሬዲዮው ያደረገው ለሽቦው ትእዛዝ ማድረስ ብቻ ነው። ሽቦ የሌለበት ኮርማ ቁልፍ ቢጫኑበትም ባይጫኑበትም ይወጋል።

ቁጥሩን ያወጣው ሥራ ከዚህ ሁሉ ግርግር ርቆ፣ ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ በሚገኝ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ተሠራ። ጆን ደ ሎርጅ የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይጥ፣ ስኩዊረል መንኪ በሚባለው ትንሽ ጦጣና በሬሰስ ጦጣ ላይ አንድ ዓይነት ሙከራ ደጋገመ። እንስሳው እንዲራብ ይደረጋል። ቁልፍ ሲጫን እንክብል ምግብ እንደሚወርድለት ይማራል። ሥራውን በደንብ ከለመደ በኋላ ሞገድ ይለቀቅበታል፤ መጠኑም ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። እስከ አንድ መጠን ድረስ ምንም አይሆንም፤ ቁልፉን ይጫናል፣ ይበላል። ከዚያ የውስጥ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ገደማ ሲጨምር፣ እየራበው፣ ምግቡ እጁ ሥር እያለ፣ ሥራውን ይተዋል።

ይህ ግኝት ለቆቦ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት ቀትር በሬውም ሰውም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ምክንያት የሚጠይቀው የለም። ለሳይንቲስቶቹ ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም በሦስቱም እንስሳት፣ በተለያየ ሞገድ፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። በሌሎች ሙከራዎችም ተደግፎ ሲሰላ የሥራ ማቆሚያው መጠን በኪሎ ግራም ክብደት 4 ዋት ገደማ መጣ። የ1982ቱ የአሜሪካ መመሪያ ይህን በ10 አካፍሎ 0.4 አደረገው። አይ.ሲ.ኤን.አይ.አር.ፒ. በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጨረር ኮሚሽን በ1998 ለሠራተኛ 0.4፣ ለሕዝብ ደግሞ በ50 አካፍሎ 0.08 ዋት አለ፤ በ2020 ሲያድሰውም አልለወጠውም። ብዙ ሰው ይህ ወሰን በካንሰር ወይም በተቃጠለ ሥጋ የተለካ ይመስለዋል። አይደለም። የእንስሳ ባሕርይ መለወጥ ነው መነሻው፤ የተራበ ጦጣ እህል አልፈልግም ያለበት ሰዓት።

ተቺዎቹ የሚነሱት ከዚሁ ነጥብ ነው፤ የሚናቅም ትችት አይደለም። ጦጣው የተፈተነው ለአጭር ሰዓት ነው። ታወር ግን ሌት ተቀን ነው። ደግሞስ ቁልፍ መጫኑን ያላቆመ እንስሳ ልቡ አልከፋውም፣ ነገር አልረሳም የሚያሰኝ ምን ማስረጃ አለ? ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ይህን ጥያቄ ይዘው ነው የተነሱት።

የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋጤ ከሲያትል መጣ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ላይ አይጦችን ለ45 ደቂቃ በደካማ ማይክሮዌቭ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ አሥራ ሁለት ክንፍ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ምግብ እንዲፈልጉ ለቀቃቸው። ጎበዝ አይጥ አንዴ የበላችበትን ክንፍ አስታውሳ አትመለስበትም። ሞገድ የተለቀቀባቸው ግን ተመላለሱ። በ1994 ታተመ። በዓመቱ ከናሬንድራ ሲንግ ጋር በአይጥ የአንጎል ሴሎች ውስጥ የዘረመል ሰንሰለት መሰበር አየን ብለው ጻፉ። የስልክ ኩባንያዎች ተደናገጡ፤ የሞቶሮላ የውስጥ ማስታወሻ አፈትልኮ ሲወጣ፣ ኩባንያው ውጤቱን በሕዝብ ፊት ለመመከት አስቀድሞ ሲዘጋጅ እንደነበር ታወቀ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ሌላም አለ፤ በ2007 የታተመ አንድ ግምገማ 59 ጥናቶችን አይቶ፣ ወጪያቸውን ኢንዱስትሪው ብቻውን የሸፈነላቸው ጥናቶች ከሌሎቹ ይልቅ «ምንም አላገኘንም» የሚሉ ሆነው አገኛቸው።

ነገር ግን ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የላይን የመተላለፊያ ሙከራ በ2004 ሁለት ቤተ ሙከራዎች፣ አንዱ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ፣ አንዱ በአሜሪካ፣ በየፊናቸው ደገሙት። አይጦቹ መንገዳቸውን አልሳቱም።

ከዚያ ወዲህ ያለው መዝገብ እርስ በርሱ ይጋጫል። በ2010 የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ጋሪ አረንዳሽ እና ባልደረቦቹ በ96 ትናንሽ አይጦች ላይ ሠርተው ተቃራኒውን አመጡ፤ የመርሳት በሽታ እንዲይዛቸው ዘረመላቸው የተቀየረ አይጦች በቀን ሁለት ሰዓት ለወራት የስልክ ሞገድ ሲያገኙ ማስታወሳቸው ተሻለ። በ2012 ዬል ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡር አይጦች ጎጆ ላይ በሥራ ላይ ያለ ስልክ ተቀምጦ፣ የተወለዱት ግልገሎች ሲያድጉ ቅብጥብጥና ማስታወሳቸው ደካማ ሆነው ተገኙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞ በ2018 የመጨረሻውን ሪፖርት ሲያወጣ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ለሁለት ዓመት ከባድ ሞገድ በተለቀቀባቸው ወንድ አይጦች ልብ ላይ እጢ አየ። እነዚያው አይጦች ግን ሞገድ ካልነካቸው ወንድሞቻቸው ይልቅ ዕድሜያቸው ረዘመ። ጋዜጣ የፈለገውን መርጦ ርዕስ ማድረግ ይችላል፤ ስልክ ያሳብዳል፣ ስልክ መርሳትን ይፈውሳል፣ ስልክ ዕድሜ ያረዝማል።

የመጋጨቱ አንዱ ምክንያት ከሞገዱ ውጭ ነው። አይጥን በትክክል ለማጨረር ብዙ ጊዜ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ማሠር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ትዞራለች፣ መጠኑም ይለዋወጣል። መታሠር ደግሞ ራሱ የጭንቀት ሆርሞን ያንራል፤ ጨረር የማያውቁ ሌሎች ተመራማሪዎች አይጥን ለማስጨነቅ የሚጠቀሙበት ዋናው ዘዴ ይኼው ቱቦ ነው። በላዩ ላይ የማሽኑ ድምፅ አለ፤ የክፍሉ ሙቀት አለ፤ ከጓደኞቿ መለየቷ አለ። የአይጥ ስሜት በቀላሉ የሚዛባ ነገር ነው። ያዛባው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሁሉም ነገር ተመሳሳይ ሆኖ ሞገዱ ብቻ የጎደለበት ሁለተኛ ቱቦ ያስፈልጋል። ይህን በጥንቃቄ ያደረጉ ጥናቶች በተደጋገሙ ቁጥር ደካማው ሞገድ በባሕርይና በማስታወስ ላይ ያመጣዋል የተባለው ውጤት እየደበዘዘ መጣ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት አይቻልም። ጠንካራው ውጤት ግን እስከ ዛሬ የደ ሎርጅ ነው፤ ሙቀት።

በሰው ላይስ? የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪ ጄምስ ሩቢንና ባልደረቦቹ ሞገድ ያመናል የሚሉ ሰዎች የተፈተኑባቸውን 46 ሙከራዎች ሰብስበው በ2010 አቀረቡ፤ በድምሩ 1,175 ሰው። ሞገዱ ይብራ ይጥፋ ተፈታኙም ፈታኙም አያውቅም። ሰዎቹ በእርግጥ ይታመማሉ፤ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ይደክማሉ። የሚታመሙት ግን ሞገዱ ሲበራ ሳይሆን በርቷል ብለው ሲያስቡ ነው። ሕመሙ የውሸት አይደለም። መንስኤው ነው ሌላ።

እዚህ ላይ ነው የሞስኮው ኤምባሲ ጉዳይ የሚመለሰው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው አብርሃም ሊሊየንፌልድ በሞስኮ የሠሩትን በሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች ካገለገሉት ባልደረቦቻቸው ጋር አነጻጽሮ በ1978 ሪፖርት አቀረበ። በሞትም በበሽታም በሞገዱ ሊመካኝ የሚችል ልዩነት አላገኘም። አንድ ነገር ግን አገኘ፤ የሞስኮዎቹ ስለ ድብርት፣ ስለ መነጫነጭ፣ ሐሳብን ስለ መሰብሰብ ችግርና ስለ መርሳት አብዝተው ተናገሩ። የሶቪየት ሐኪሞች ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉት ዝርዝር ማለት ነው። ሊሊየንፌልድ ቅሬታውን ከሞገዱ መጠን ጋር ሲያስተያይ ግን ልዩነቱ የበረታው አነስተኛ ሞገድ ባገኙት ላይ ሆነ። ሰዎቹ መጠይቁን የሞሉት መንግሥታቸው የደበቃቸውን ነገር በጋዜጣ ካነበቡ በኋላ ነበር።

ወደ ሮቢት ስንመለስ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የታወር አንቴና በአንድ አቅጣጫ አተኩሮ የ1,000 ዋት ያህል ጉልበት ያለው ሞገድ ይለቃል እንበል። በ100 ሜትር ርቀት የሚደርሰው በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.8 ማይክሮዋት ነው። ዓለም አቀፉ ወሰን በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የሚፈቅደው 450 ማይክሮዋት ነው። የዓለም አቀፉን ኮሚሽን ለማያምን፣ በጣም ጥንቁቅ የነበረውን የሶቪየት ወሰን እንውሰድ፤ 10 ማይክሮዋት። አራት አንቴና ቢደመርም ከእሱ ሢሶ አይሞላም። የሞስኮ ዲፕሎማቶች እንኳ ከዚህ የበለጠ አግኝተዋል። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፤ ለጭንቅላት የሚቀርበው ሞገድ የታወሩ ሳይሆን የስልኩ ነው፤ ስልኩም ጉልበቱን የሚወስነው እንደ ታወሩ ርቀት ነው። ታወር ሥር ያለ ተራ ስልክ በጥቂት ሚሊዋት ይነጋገራል። ታወሩ ሲርቀው፣ ገደል ሲጋርደው፣ እስከ 2 ዋት ድረስ ይጮኻል። ታወር ይነሳልን የሚል ቀበሌ ቢሳካለት ጆሮው ላይ የሚያርፈው ሞገድ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የራያ ቆላ ግን ታወሩ የሌለ ያህል የሆነበትን ጊዜም ያውቃል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከትግራይ ወደ ቆቦ ወረደ፤ የሕወሓት ኃይሎች አካባቢውን ያዙ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በሰሜን ወሎ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ስለ ግድያው ያጠናውን ሪፖርት ያወጣው በየካቲት 2014 ነው። በዚያ ሁሉ ወራት አዲስ አበባ፣ ጅዳና ቤይሩት ያለ የራያ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅበት መንገድ በእግር ወደ ደሴ የወጣ ሰው ይዞ የሚመጣው ወሬ ነበር። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ቆቦ አካባቢ ዳግም ተቀሰቀሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ የመንግሥት ጦርና ፋኖ ሲጋጩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ።

የዚህን ጉዳት የሚለካ የእንስሳ ሙከራ ከተፈለገ አለ፤ ያውም ከጨረሩ ሙከራዎች ይልቅ የጸና። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄይ ዋይስ በ1970 ገደማ አይጦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጣቸው። ለአንደኛዋ ከንዝረቱ በፊት ድምፅ ይሰማታል። ለሁለተኛዋ ድምፁ ከንዝረቱ ጋር አይገናኝም፤ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። ሦስተኛዋ እንደ እነሱ ታሥራ ንዝረት አይነካትም። በመጨረሻ ጨጓራቸው ሲታይ፣ ማስጠንቀቂያ የነበራት ንዝረት ካልነካት ብዙም አልራቀችም። የማታውቀዋ ግን ጨጓራዋ በቁስል ተሞላ። የደረሰባቸው ንዝረት አንድ ነው፤ በአንድ ሽቦ የመጣ። ይህ ሙከራ እንደ ላይ መተላለፊያ ሲደገም አልጠፋም፤ በየአገሩ የጭንቀት ጥናት የቆመበት አንዱ ምሰሶ ሆነ።

በዚያ ክረምት የሮቢት ስልኮች ምን ያደርጉ እንደነበር ደግሞ ከስልኩ አሠራር ይታወቃል። መስመር ያጣ ስልክ ሞገድ አይለቅም ማለት ይቻላል፤ ታወር ይኖር እንደሆነ እያሰለሰ ያዳምጣል እንጂ ታወሩ ካልጠራው አይናገርም። በሶላር ቻርጅ የተደረገ ስልክ ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ የወጣ ሰው፣ ጆሮው ላይ ቢያስጠጋውም ባያስጠጋውም፣ ከታወሩም ከስልኩም የሚደርሰው ሞገድ ዜሮ ነበር ለማለት ምንም አይቀረውም።